ስንዝር ጎደሎ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለምናለ፤

የሰላምታውን ነገር እንደ ወትሮው አድርገህ ራስህ ሙላበት፤ እኔ ዛሬ ለሱ የሚሆን ትዕግሥት የለኝም። እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ስታማርር ነው የምትውለው። የላክኸው ኩሽኔታ ደርሶናል፤ ከወረኢሉ የመጣው ሾፌር እጅ በእጅ አስረክቦኛል። ሥዕልህንም ቆርቆሮ ሠሪው ሞላ ግድግዳው ላይ ሰክቶ አንገቱን እያጣመመ ሲያየው ከርሞ በመጨረሻ ሠርቶልናል። የወተት ዱቄቱን የምንበጠብጥበት በርሜል በኩሽኔታው ላይ ቆሞ ይዞራል። እኔና ሩቂያ ከሁለት ወገን እጀታውን ስንገፋው ቀጥ ብሎ ይሽከረከራል። ሩቂያን አትረሳትም፤ የሻይ ቤቱ የሰዒድ ልጅ ናት፣ አሁን በመጠለያው ከኔ ጋር ወተት ታድላለች።

ዱቄቱም እንዳልከው አይጓጉልም። በእንጨት ስናማስለው የሚቀረው ጓል የሕፃናቱን ሆድ ሲያጣድፈው ነበር፤ እሱ ቀርቷል። እስከዚህ ድረስ እግዜር ይስጥህ።

ግን ይፈሳል። መዞር ሲጀምር ወተቱ በግድግዳው ሽቅብ ይወጣና በአፉ ዙሪያ ይደፋል። እኔ ድሬሰር ነኝ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ክሊኒኩ ወደ መጠለያው ሲልከኝ፣ በተራበ ሰው ፊት ወተት መሬት ላይ እደፋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ውሾቹ ከእናቶቹ ቀድመው በርሜሉን ከበው ይጠብቁኛል። ትላንት ሩቂያ ቀሚሷን እየጨመቀች፣ ወንድምሽ ዩኒቨርሲቲ የገባው ወተት መርጨት ሊማር ነው ወይ አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ለጠየቅኸኝ ልመልስ። አዎ፣ ከወግዲ የመጣው ሰው ብዙ ነው። አዎ፣ እሷው ራሷ አልታዬ ናት፤ የጎረቤታችን አልታዬ፣ አንተን አዝላ ያሳደገችህ፣ ጀርባዋ ላይ ካልሆነ አልተኛም እያልክ ያስቸገርካት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዶ ቀረ። አበቡ የምትባል ልጅ ይዛለች። ዕድሜዋን ብነግርህ አታምነኝም፤ ስታያት ገና ጡት ያልተወች ትመስላለች። ሳይቋረጥ ወተት ካገኘች ትነሣለች ብዬ ለእናቷ ቃል ገብቻለሁ። ቃሉ የኔ ነው፤ ስለዚህ የሚፈሰው ነገር መቆም አለበት። ወተቱን ወፈር ባደርገው አይወጣም ይሆን? ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሀንነሽ፤

ጤናዬን እንደጠየቅሽኝ ቆጥሬ ደህና ነኝ ብያለሁ።

በሥዕሉ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩትን ማን ነው ያላነበበው? «ከአፉ ስንዝር ተዉ» ይላል። አስምሬበታለሁ፤ እንዳይታለፍ ብዬ ክብም አዙሬበታለሁ። የፈሰሰው በርሜሉ ስለተበላሸ አይደለም፤ ጢም አድርጋችሁ ስለሞላችሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንጨት ስታማስዪ በርሜሉ ቆሞ ወተቱ ብቻ ይዞራል። እዚህ ግን በርሜሉና ወተቱ አብረው፣ እንደ አንድ ጠጣር ነገር ሆነው ነው የሚዞሩት። ከመሃል ራቅ ያለው ወተት ረጅሙን ክብ ይሮጣል፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ለማምለጥ አብልጦ ይገፋል። ግድግዳው አላሳልፍ ይለዋል። መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ይወጣል። ከላይ ስታዪው ወተቱ የወጪት ቅርጽ ይዟል፤ መሃሉ ጎድጓዳ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ። መምህራችን ፓራቦላ ይለዋል፣ አንቺ ወጪት በዪው። ልብ በዪ፣ ጠርዙ ከፍ ባለው ልክ መሃሉ ዝቅ ይላል። እኩል ለእኩል ነው፤ አንዲት ጠብታ አትጠፋም። ስታቆሚው ተመልሶ ይተኛል።

ወፈር ባደርገው ላልሽው፣ ዋጋ የለውም። ውሃም ቢሆን፣ ወተትም ቢሆን፣ ዘይትም ቢሆን ቅርጹ አንድ ነው። የሚለውጠው የበርሜሉ ስፋትና ፍጥነቱ ብቻ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ከፍታው እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንቺና ሩቂያ እልህ ተጋብታችሁ አታሽከርክሩት። ዝግ አድርጋችሁ ስታዞሩት ጠርዙ አራት ጣት ያህል ነው የሚወጣው። ስንዝር ብትተዉ ይበቃችኋል፣ ይተርፋችኋልም።

እት አልታዬን ሳሚልኝ። የአበቡን ነገር በየደብዳቤው እጠይቅሻለሁ፤ እንዳትሰለቺኝ።

ምናለ


መካነ ሰላም፣ ጥር 6 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድሜ ምናለ፤

እንኳን ለልደቱ አደረሰህ ልልህ ነበር፤ ይህ ሲደርስህ ግን ጥምቀትም ያልፋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ተቀበለኝ።

ቀዩን ጽሑፍ ሞላም አንብቦታል፣ እኔም አንብቤዋለሁ። ያላነበቡት፣ ቢነበብላቸውም የማይሰሙት፣ የእርዳታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግራዝማች አምባቸው ናቸው። ገና የመጀመሪያው ቀን ስንዝር ትቼ ሞልቼ ነበር። ከዘራቸውን በርሜሉ ውስጥ ሰደው ለኩና፣ «ይሄ የቀረው ስንዝር የማን ነው?» አሉኝ።

አንተ እዚያ ሆነህ የረሳኸው ነገር አለ። እዚህ ቁና የሚሰፈረው ተቆልሎ ነው። ከአፉ በላይ ተከምሮ፣ እህሉ በጎን ካልተንሸራተተ፣ ሰፋሪው ሌባ ነው። እማማ ገበያ ወርዳ የነጋዴውን እጅ እያየች «ጨምርበት፣ ጨምርበት» ስትል አይደል እንዴ ያደግነው። ስንዝር የጎደለው በርሜል ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ስንዝሯ ወደ ግራዝማች ጓዳ ሄዳለች። እሳቸውም የሚፈሩት ይህንኑ ነው። የእርዳታው ስንዴ ከመጋዘኑ በየት በኩል እንደሚወጣ ሰው ሲያማቸው ከርሟል፤ ስለዚህ ወተቱ እንኳ በሰው ፊት ሞልቶ ይታይልኝ ነው የሚሉት። በእንጨት ወደ ማማሰል ልመለስ ብላቸው አይሆንም አሉኝ። ለካ በርሜሉን ራሳቸው ያስፈለሰፉት መላ ነው ብለው ለደሴ ጽፈዋል።

የባሰው ገና አለ። ባለፈው ሰኞ ግራዝማች እናቶቹን ቅረቡና ሞልቶ መቀመጡን መስክሩ አሏቸው። ቀረቡ። እኔና ሩቂያ ማዞር ጀመርን። ከፊት የቆመችው አልታዬ ነበረች። የመሃሉ ወተት ሲሰምጥ አየችና ጮኸች። ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ ዓይናችን እያየ መሃሉን እየመጠጡት ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማኝ። ይህ ሰው በሬውን ሽጦ፣ ዘሩን በልቶ እዚህ የደረሰ ነው፤ ከፊቱ አንድ ነገር ሲጎድል ከሌባ በቀር ሌላ ምክንያት አይታየውም። በርሜሉን ገለበጡት። ሥሩን ዳሰሱት። ቱቦ ፍለጋ መሬቱን ቆፈሩት። ምንም አላገኙም፤ ማጣታቸው ደግሞ ይብስ አናደዳቸው፣ በደንብ የደበቅሁት መሰላቸው።

አልታዬን ለብቻዋ ጠርቼ፣ ጠርዝ ላይ የወጣውን አላየሽም ወይ አልኳት። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ መሃሉ ሲወርድ አየሁ አለችኝ። እኔን ነው እንዲህ ያለችኝ፣ ምናለ፤ ከአንድ ወጪት አብሬያት አጥቅሼ ያደግሁትን እኔን። በጣም ከፍቶኛል፣ አልደብቅህም። ወተቱን ለልጇ ትቀበለኛለች፤ ስትቀበለኝ ግን ወደ ሌላ ታያለች። አበቡ ጉንጯ ሞላ ማለት ጀምሯል። ትላንት ለሩቂያ ሳቀችላት፤ ሩቂያም ማሻ አላህ እያለች ቀኑን ሙሉ ስታወራው ዋለች።

ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ ጥር 28 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሀንነሽ፤

ደብዳቤሽን አንብቤ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ስናገር ካሳ ሰምቶኝ ሳቀብኝ። ካሳ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነው። ቱቦ ፍለጋ መሬት ቆፈሩ? አሁን ይህን ለመምህሬ ብነግረው ያምነኛል?

ስለ ልጅቷ የጻፍሽው ግን ደስ ብሎኝ ሁለቴ አነበብኩት። ጉንጯ ሞልቶ ከሳቀች አደገች ማለት ነው።

እት አልታዬን አትቀየሚያት። ያየችው ውሸት አይደለም፤ መሃሉ እውነትም ይወርዳል። ያየችው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ በቃል አታሳምኚያትም፣ በዓይኗ ነው ማየት ያለባት። ከሰል ውሰጂ። በርሜሉ ከመዞሩ በፊት ወተቱ በተኛበት ልክ ከውስጥ ግድግዳው ላይ አስምሪ። ሁሉም ይዩት። ከዚያ አዙሩና መሃሉ ይስመጥ፤ ጩኸትም ካለ ይጩሁ። ከዚያ አቁሙት። ወተቱ ተመልሶ ልክ መስመሩ ላይ ይተኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ሽማግሌም ሰብሳቢም አያስፈልግም።

ክዳን ላድርግበት ወይ ትዪ ይሆናል፤ ተይው። የተከደነ ነገር ማን ያምናል።

ምናለ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 22 ቀን 1966 ዓ.ም.

ምናለ፤

በል እንግዲህ ከሰልህን ስማ።

በሰው ሁሉ ፊት አሰመርኩ። ግራዝማች እስከ አፉ ይሞላ ስላሉ ሞልቼ፣ መስመሩም አፉ ላይ ሆነ። አዞርነው። ወጣ፣ ፈሰሰ፤ መቼም ስናፈስ የመጀመሪያ ጊዜያችን አይደለም። አቆምነው። ወተቱ ተኛ። ከመስመርህ አራት ጣት ጎድሎ ተኛ።

እኔ የፈሰሰው ነው፣ መሬቱን እዩት አልኩ። ሌሊቱን በልግ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ነበር፤ የፈሰሰ ወተት የት ይታያል። አልታዬ በጣቷ ጉድለቱን ለካችና እጇን ወደ ሰው ዘረጋች፤ አራቱን ጣት ለሁሉም አሳየች። አንተ በላክልኝ መላ፣ በራሴ እጅ ባሰመርኩት ከሰል፣ ሌባ መሆኔ ተረጋገጠ። ያ ቀይ ስንዝርህ ያን ጊዜ የት ሄዶ ነበር? ስንዝር ተዉ የሚለውን በሥዕሉ ላይ ክብ አዙረህበታል፤ የሚያስፈልገኝ ቀን ግን በደብዳቤው ውስጥ የለም።

ግራዝማች ይህን ሲያዩ መላ አገኙ። ሌባዋ ታወቀች አሉ። ከደሴ አጣሪ እስኪመጣ ድረስ የዱቄት ወተቱ ከስንዴው ጋር መጋዘን ይቆለፍ ብለው ቁልፉን ራሳቸው ያዙ። እኔም ከከተማ እንዳልወጣ ታዝዣለሁ። ቄሱ በዚህ ጾም ለሕፃንና ለሕመምተኛ ወተት አይከለከልም ብለው እናቶቹን አሳምነው ነበር፤ ልፋታቸው ከንቱ ቀረ።

ስለ አበቡ በየደብዳቤው እጠይቃለሁ ብለኸኛል። ከክሊኒኩ ቁም ሣጥን ጥቂት ዱቄት ለምኜ፣ በጥብጬ፣ ራሴ ይዤላት ሄድኩ። አልታዬ ከሌባ እጅ አልቀበልም አለችኝ። ጣሳውን ይዤ ደጇ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ ከውስጥ ጣሳውን ታየዋለች። ለሩቂያ ሰጥቼ ብልካትም ከማን እንደመጣ አውቃ መለሰችው። ሩቂያ፣ አብሽሪ፣ ነገ ይበርድላታል ትለኛለች። አልበረደላትም።

ራዲዮኑ ስለ አድማና ስለ ሰልፍ ያወራል። አንተ በዚህ መሃል የት እንዳለህ ጻፍልኝ።

ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 10 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሀንነሽ፤

የእጅ ጽሑፉ የኔ ስላልሆነ አትደንግጪ። እኔ እናገራለሁ፣ ካሳ ይጽፋል። ትምህርት የለም፤ የት እንዳለሁ ላልሽው፣ ክፍሌ ውስጥ ነኝ።

የከሰሉ ነገር ጥፋቱ የኔ ነው። መልሼ መላልሼ አስቤው ራሴን ረግሜአለሁ። እስከ አፉ የተሞላ ዕቃ ሲዞር የሚወጣው መሄጃ ስለሌለው ይፈሳል፤ የፈሰሰ ደግሞ አይመለስም። ይህን የሚያውቅ ሰው እንዴት አይጽፈውም? የምታውቂው መስሎኝ ነው። አንቺ ማወቅሽ ግን ምንም እንደማይጠቅም አልገባኝም ነበር፤ የሚሞሉት ግራዝማች ናቸው።

አሁን ለግራዝማችም ለቁናውም የሚሆን መላ አለኝ። ሞላ ሌላ በርሜል ከወገቡ ይቁረጥና በዚህኛው አፍ ላይ አንገት አድርጎ ይምታበት፣ መጋጠሚያውን በሬንጅ ይድፈነው። ያኔ በርሜሉን እስከ አሮጌው አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፤ ሰውም ሞልቶ ይየው። ሲዞር የሚወጣው ወደ አንገቱ ይወጣል፣ ሲቆም ይመለሳል። ማንም ስንዝር ጎደለ አይልም፣ ምንም አይፈስም።

ካሳ እየጻፈ ራሱን ይነቀንቃል፤ በዚህ ሰዓት ስለ በርሜል አንገት የሚያስብ አንተ ብቻ ነህ ይለኛል። ልጅቷ ወተት ካቆመች ስንት ጊዜ ሆናት? እባክሽ ይህን መልሺልኝ።

ምናለ (በካሳ እጅ)


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 29 ቀን 1966 ዓ.ም.

ምናለ፤

እጅህን ምን እንዳገኘው አልጻፍክልኝም። የካሳን ጽሕፈት ማማር ልታሳየኝ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀኸው? እማማ ደብዳቤውን ሳነብላት፣ ይሄ የልጄ አነጋገር አይደለም፣ የደበቀኝ ነገር አለ ብላ ሌሊቱን ስታቃስት አደረች። በሚቀጥለው በራስህ እጅ አንድ መስመር ጻፍ፣ ቢንጋደድም ግድ የለም።

አንገቱ ተሠርቷል። ሞላ እየተራገመ ሠራው፤ አያፈስም። ወተቱ እንደተቆለፈ ስለሆነ በውሃ ልሞክረው ብዬ ግራዝማችን ለመንኩ። መጡ። ዙሪያውን ዞረው አዩት። ደስ አላቸው። «አሁንማ ይበልጥ ይይዛል» አሉ። ከዚያ እስከ አዲሱ አፉ ይሞላ ብለው አዘዙ።

አስረዳሁ። አንገቱ ለመውጫ ነው፣ ባዶ መሆን አለበት አልኩ። ሕዝብ እያየው ክንድ ሙሉ ባዶ ብረት ላቆም ነው ወይ፣ አንቺ ልታሳስሪኝ ነው የምትፈልጊው አሉኝ። ሞሉት። አዞርነው። ፈሰሰ። አሁን ከበፊቱ ከፍ ካለ ቦታ ነው የሚፈሰው፤ እኔና ሩቂያ ከራሳችን ጀምሮ በሰበስን። ሩቂያ ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህን አትጠራም፤ ያ ሰውዬ ነው የምትልህ።

ከደሴ አጣሪዎች ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ ተብሏል። እታሰር እንደሆነ እማማን ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

ስለ አበቡ ለጠየቅኸኝ፣ እናቷ ደህና ናት።

ብርሀንነሽ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርሀንነሽ፤

ይኸው በራሴ እጅ ነው፤ ተንጋደደ እንጂ የኔ ነው። በሰልፉ ቀን የፖሊስ ቆመጥ አገኘኝ። አጥንቱ ገጥሟል። ለእማማ፣ ከደረጃ ወደቀ በያት።

እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ልጅቷ ነበር። አንቺ ስለ እናቷ መለስሽልኝ። የወሎ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ላለማወቅ ግን ብዙ ታገልኩ፤ አሁንም እየታገልኩ ነው። ደግሜ እጠይቅሻለሁ። አበቡስ?

የአጣሪዎቹን ቀን በተመለከተ የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ መላ የለኝም፣ አንገትም ከሰልም አልጨምርም። አታስረጂ። ሳይንስ የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። በርሜሉን በእጅሽ አትንኪው፤ ሩቂያም አትንካው። አንቺ ከነካሽው የሆነው ሁሉ የአንቺ ተንኮል ይሆናል። የከሰሰችሽ ትሙላው፤ የከሰሰችሽ ታስምር፤ የከሰሰችሽ ታዙር። ግራዝማች እስከ አፉ ካሉ ምን እንደምታደርጊ አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ይህን ያህል ዓመት ተምሬ አንድን ሽማግሌ ስንዝር ማስተው አቃተኝ።

ምናለ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድሜ ምናለ፤

ይህን ብቻህን ሆነህ አታንብበው። ካሳ አጠገብህ ይቀመጥ።

አጣሪዎቹ መጡ። ገበያው ሜዳ ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ከደጎሎ እህል ሊሸጥ የመጣ ሰው ሳይቀር አህያውን ይዞ ቆሟል። እንዳልከኝ አንድም ቃል አላስረዳሁም። አልታዬ ትሙላው ብዬ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ግራዝማች ከኋላ ሆነው እስከ አዲሱ አፉ ይሞላ አሉ፤ አሁንም፣ በዚያ ቀን እንኳ።

አልታዬ ባልዲ አንሥታ ውሃ መገልበጥ ጀመረች። ክንዷን ታስታውሰዋለህ፤ አንተን በአንድ እጅ አንሥታ ጀርባዋ ላይ የምትጥልበትን ክንድ። አሁን ባልዲው ሲነሣ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሊያግዛት ቢቀርብ እምቢ አለች፣ ማንንም አታምንም። እየቆመች፣ እያረፈች ቀዳች። በርሜሉ ግማሽ ሲሆን ባልዲውን አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ግራዝማች ገና አልሞላም አሉ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም፣ ለኔም ሞልቶ የተሰፈረልኝ ጊዜ የለም አለቻቸው። ከአጣሪዎቹ ትልቁ፣ ይበቃል፣ እንዲሁ ይዙር አለ።

ምናለ፣ ከኅዳር ጀምሮ የተጣላንበት ስንዝር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በርሜሉ ጎደሎ የቀረው ሴትዮዋ ተርባ ክንዷ ስለዛለ ነው።

ከሰሉን እሷ አሰመረች። ራሷ ሁለት ሴቶች ጠርታ አስዞረችው። መሃሉ ሰመጠ፤ ሰው ጉምጉም አለ። እሷ ግን በዚህ ጊዜ መሃሉን ብቻ አላየችም። እጇን በግድግዳው ሰደደችና ከመስመሯ በላይ ውሃ አገኘች። እጇን እዚያው አቆየች። ከዚያ አቁሙት አለች። ውሃው እየተወዛወዘ ተኛ፤ መስመሯ ላይ ተኛ። በጣቷ ነካችው፣ ጎንበስ ብላ አየችው፣ እንደገና ነካችው። እኔ እንባዬ መጣ፤ የደስታ አይደለም፣ የምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተህ ታውቀዋለህ።

ተነሥታ ወደ አጣሪዎቹ ዞረች። ድምጿን አላሳደገችም።

«የወተቱን አየሁ። መሃሉ የጎደለው ጠርዝ ላይ ወጥቶ ነው፤ ሲቆም ተመለሰ። የኛስ ስንዴ፣ ጠርዙ የት ነው?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ግራዝማች አዞረ፤ አጣሪዎቹም አዞሩ። በዚያው ቀን መጋዘኑ ተከፈተ። የወተቱ ዱቄት እንዳለ ነበር። የስንዴው ወገን ግን ከበሩ አጠገብ የተደረደረ ጥቂት ጆንያ፣ ከኋላው ባዶ። ግራዝማች አጣሪዎቹ በተመለሱበት መኪና ወደ ደሴ ሄዱ። እኔ ነፃ ነሽ ተብያለሁ። ወተቱ በማግስቱ ተጀመረ።

አሁን ጥያቄህን ልመልስ። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ማልዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። አዲስ አበባ ድረስ የምልከው ሽማግሌ ግን የለኝም፤ አንተም በየደብዳቤው መጠየቅህን አልተውክም። አበቡ ያረፈችው ወተቱ በተቆለፈ በስድስተኛው ሳምንት ነው። አንገቱን ሞላ ሲመታ የነበረበት ሰሞን። እናቷ ደህና ናት ብዬ የጻፍኩልህ ከቀብሯ በተመለስኩበት ማታ ነው። ሌላ ምን ልጽፍ? ወተቱ እያለ፣ የሚሠራ በርሜል እያለ፣ ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ሳለ ልጅቷ ሞተች። በማን እንደምናደድ አላውቅም። በአንተ ተናደድኩ፣ በግራዝማች ተናደድኩ፣ በአልታዬም ጭምር ተናደድኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ወተቱ የተጀመረ ማለዳ አልታዬ ጣሳ ይዛ ሰልፍ ላይ ቆመች። ልጅ አቅፋለች፤ እናቷ መጠለያው ውስጥ የሞተችባት ሕፃን ናት፣ ማንም ሳይሰጣት ራሷ አንሥታት ነው። ተራዋ ሲደርስ ጣሳውን ዘረጋችልኝ። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። «ብርሀንነሽ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ። አፉ ልበልሽ በማለት ፈንታ ቀዳሁላት። ከአፉ ሞልቶ በእጇ ላይ ሲወርድ ሩቂያ ፈሰሰ ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ይፍሰስ አልኳት።

በርሜሉን አሁን ስንዝር ትተን ነው የምንሞላው። አዲስ የመጡ ሰዎች ጎድሏል ብለው ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ እኔ ግን መልስ አልሰጥም። አልታዬ ሕፃኗን አዝላ፣ ከሰሏን ይዛ በርሜሉ አጠገብ ትቆማለች። መስመሩን በየማለዳው የምታሰምረው እሷ ናት፤ የሚያጉረመርሙትን፣ እስኪቆም ጠብቁ ትላቸዋለች።

ሌላ መሣሪያ ስትስል፣ የሚሞላው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቀኝ።

እህትህ ብርሀንነሽ